ባቡር «እስቲ ድገሚው» አይባልም

ዐቢይ ጾም ሲገባ እኔ ሥራ ፈት ነኝ። አዳማ ውስጥ የሠርግ ፎቶ ነው የማነሳው፤ በጾም ደግሞ ድንኳን የሚጥል የለም። ካሜራዬ ሁለት ወር ሙሉ ቦርሳ ውስጥ ከሚከርም ብዬ የዛሬ ጥቂት ዓመት ባቡር ማንሳት ጀመርኩ። መጀመሪያ ጊዜ ለመግደል ነበር። አሁን ሠርግ ባለበት ቅዳሜ እንኳ ሐሳቤ ሐዲዱ ጋ ነው። ጓደኞቼ «ደግሞ ባቡር ምኑ ይነሳል?» ብለው ይስቁብኛል፣ ከዚያ ማታ ላይ ፎቶውን ላክልን ይላሉ። እንዴት ነው የምታነሳው የሚለኝ ስለበዛ አንዴ ጽፌ ልገላገል።

ዋናውን ነገር ከሥራዬ ልንገራችሁ። ሠርግ ላይ ቀለበቱ ሲጠለቅ ካመለጠኝ ትንሽ አፈር እልና «እስቲ ድገሚው እህቴ» እላለሁ፤ ትደግመዋለች፣ አማቾቿም ይስቃሉ። ባቡር አይደግምም። አንድ ሰዓት ትጠብቁታላችሁ፣ አስር ሰከንድ ያህል ያልፋል፣ በቃ። ስለዚህ ሥራው ባቡሩ ሲመጣ አይደለም ያለው። የት እንደምትቆሙ፣ ፀሐይዋ በየት በኩል እንዳለች፣ ከጀርባ ምን እንደሚታይ፣ ካሜራው በምን ላይ እንደተስተካከለ፣ ይሄ ሁሉ ባቡሩ ብቅ ከማለቱ በፊት ያለቀለት መሆን አለበት። ብቅ ሲል የምትሠሩት ነገር ቢኖር መጫን ብቻ ነው። እሱን ካያችሁ በኋላ ሌንስ መቀየር የጀመረ ሰው ያው የመጨረሻዋን ፉርጎ ጀርባ ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው።

የትኛውን ባቡር? ይሄን ቶሎ እንግባባ። በአዳማ ያለፈው ባቡር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የድሮው፣ ትልልቆቻችን የፈረንሳይ ባቡር የሚሉት ነው። በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ መዘርጋት ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው፤ ርዝመቱ ወደ 780 ኪሎ ሜትር። መጀመሪያ በእንፋሎት፣ ከ1940ዎቹ ወዲህ ደግሞ በናፍጣ ሲጎተት ኖሮ በእኛ በኩል ዝም አለ። ሁለተኛው መስከረም 2009 ተመርቆ ታኅሣሥ 2010 መደበኛ ሥራ የጀመረው አዲሱ ነው። የሱ ስፋት 1435 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሚሄደውም በኤሌክትሪክ። እንግዲህ ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ጭሱን እየተፋ ሲጎትት ማየት የፈለገ ሰው አዳማ ላይ ቆሞ አያገኘውም። የቆሙትን ለማንሳት ድሬ መሄድ አለባችሁ፣ እሱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ። ትምህርቱ ግን እዚሁ ነው የሚጀምረው። እዚህ የሚያልፈውን ባቡር ማንሳት የቻለ ሰው የትኛውም አገር የትኛውንም ባቡር ያነሳል።

አሁን ወደ ፀሐይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ተሳስቻለሁ።

ከሞጆ ወደ አዳማ፣ ከአዳማ ወደ መተሐራ ያለው መስመር በግርድፉ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ነው። ይሄ ትልቅ ዕድል ነው። ጠዋት ወደ ድሬ የሚወርድ ባቡር ፊቱን ወደምትወጣዋ ፀሐይ አዙሮ ነው የሚሄደው፣ ማለትም ፊቱ በብርሃን ይታጠባል። ከሰዓት በኋላ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ደግሞ ፊቱን ወደምትጠልቀዋ ይሰጣል። በተቃራኒው ጠዋት ወደ ላይ የሚመጣውን ፊት ለፊት አነሳለሁ ካላችሁ ጥቁር ሳጥን ላይ ሁለት መብራት ታገኛላችሁ። እንደዚያ ከሆነ ፊቱን ተዉትና ከጎን ጥላውን፣ ወይም ካለፈ በኋላ ጅራቱን አንሱ።

ከሐዲዱ የትኛው ጎን ልቁም ለሚለው ደግሞ ወሩን ጠይቁ። እኛ ያለነው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትሄድልንም። ከመስከረም እስከ መጋቢት ወደ ደቡብ አዘንብላ ነው የምትሄደው፤ ስለዚህ ከሐዲዱ በስተደቡብ ትቆማላችሁ፣ ብርሃኑ ከጀርባችሁ መጥቶ የባቡሩን ጎን ያበራላችኋል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ግን በሰሜን በኩል ነች። ታኅሣሥ ላይ ፏ ያለ ፎቶ ያነሳሁበት ቦታ ሰኔ ላይ ሄጄ ባቡሩ ከሰል መስሎ ሲወጣብኝ ካሜራው የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ካሜራው ጤነኛ ነው፣ የቆምኩት የተሳሳተ ጎን ነው።

ሰዓቱስ? ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ከ10 ሰዓት እስክትጠልቅ። በመሃል ያለውን የአዳማን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፣ ሰውም ፎቶም አይወድም። ቀትር ላይ ጥላው በሙሉ ከባቡሩ ሆድ ሥር ይገባና ጎማው፣ ሱስታው፣ ያ ሁሉ የሚያምር ብረት ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል። የባቡሩን ሰዓት ከእኔ አትጠብቁ፤ ይቀያየራል፣ ጣቢያ ደውላችሁ ወይ ሄዳችሁ የዚያን ሳምንቱን ጠይቁ። ዘገየ ብላችሁ አትናደዱ፤ ውኃና ቆሎ ያዙ።

ቦታ ስትመርጡ ባቡር በሌለበት ቀን አንዴ ሂዱ። ቀልዴን አይደለም። እኔ ባጃጅ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሾፌሩ «እዚህ ምን አለ?» ይለኛል፣ ምንም የለም እለዋለሁ፣ እውነቴን ነው ምንም የለም። የምፈልገው ሐዲዱ ትንሽ የሚታጠፍበትን ቦታ ነው። ቀጥ ባለ መስመር ላይ ከፊት ካነሳችሁት ሎኮሞቲቩ ብቻ ነው የሚታየው፣ የሚከተሉት ፉርጎዎች ከጀርባው ይደበቃሉ። መታጠፊያ ላይ በውስጠኛው በኩል ስትቆሙ ግን ባቡሩ እንደ ቀስት ይጎብጥላችኋል፣ ከራሱ እስከ ጅራቱ ይታያል። የመንገደኛ ባቡር መሆኑም የሚለየው ያኔ ነው፣ መስኮቱ ተደርድሮ ሲታይ። መታጠፊያ ካጣችሁ ከሐዲዱ ራቅ ብላችሁ ገደድ አድርጋችሁ አንሱ፤ ፊቱም ጎኑም እንዲታይ፣ ጎኑ ግን እንዲበልጥ።

የአዲሱ መስመር መከራ ምሰሶው ነው። ሽቦውን የተሸከሙት ምሰሶዎች በየ50 ሜትሩ ገደማ ቆመዋል፣ አዳማ ድረስ ደግሞ ሐዲዱ ድርብ ስለሆነ ምሰሶውም በሁለት ወገን ነው። አንዱ ምሰሶ የሎኮሞቲቩን ፊት ለሁለት ሲሰነጥቀው የሚያናድድ ነገር የለም። መፍትሔው ይሄ ነው፦ ባቡር ሳይመጣ በካሜራው ዓይን እያያችሁ በሁለት ምሰሶዎች መሃል ያለውን ባዶ ቦታ ምረጡ። እዚያ ቦታ ላይ መሬት ላይ አንድ ምልክት ፈልጉ፣ ነጣ ያለ ድንጋይም ይሁን ቁጥቋጦ። ፎከሱን እዚያ ላይ አድርጉና ቆልፉት። ከዚያ የሎኮሞቲቩ አፍንጫ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ ትጫናላችሁ። ከሱ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ጀምሩና በተከታታይ ሦስት አራት ጊዜ ያንሳ፤ ግን መቶ ጊዜ አይደለም፣ ማታ መምረጡ ይገላችኋል።

የሹተሩን ነገር፣ ማለት ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይባትን ቅጽበት፣ በሒሳብ ላስረዳችሁ፣ ቀላል ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ይሄዳል። ሹተራችሁ አንድ ሺህኛ ሰከንድ ከሆነ በዚያች ቅጽበት የሚንቀሳቀሰው 3 ሴንቲ ሜትር አይሞላም፤ ፎቶው ላይ የቆመ ይመስላል። 250ኛ ላይ ካደረጋችሁት 11 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፣ በጎኑ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ይንሸራተታል። ስለዚህ ለሚያልፍ ባቡር ከ1000 በታች አትውረዱ። አይ.ኤስ.ኦ.ውን፣ ማለት ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ከፍ አድርጉት፤ ትንሽ አሸዋ የመሰለ ፎቶ ከተንሸራተተ ፎቶ ይሻላል። ካሜራው ራሱ ይምረጥ ብላችሁ አትልቀቁት፣ ምክንያቱም የፊት መብራቱ ሲመጣበት ይደነግጥና ሌላውን ሁሉ ያጨልመዋል። ባዶውን ሐዲድ አንድ ሁለቴ አንሱ፣ ብርሃኑን አስተካክሉ፣ ከዚያ አትነካኩት።

ስልክ ብቻ ያላችሁስ? ይቻላል። ዙም አታድርጉ፣ ያበላሽባችኋል። ሰፊውን አገር አንሱና ባቡሩ በውስጡ ትንሽ ሆኖ ይለፍ። እኔ ጋ ካሉት ከምወዳቸው አንዱ በስልክ የተነሳ ነው፤ ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ተደርድረው ከሥራቸው ባቡሩ እንደ ክር ያልፋል። አዳማ ውስጥ ያ ጀርባ እያለላችሁ የሎኮሞቲቩን አፍንጫ ብቻ ማንሳት ስስት ነው።

ሌላው፣ ሹተሩን ሆን ብሎ ቀስ ማድረግ አለ። 30ኛ ወይ 60ኛ ላይ አድርጋችሁ ባቡሩን በካሜራችሁ እየተከተላችሁ ታነሳላችሁ፣ ባቡሩ ጥርት ብሎ መሬቱ ይሮጣል። ከወገባችሁ ነው የምትዞሩት እንጂ በእጃችሁ አይደለም፤ እስክስታ ሳይሆን ወፍጮ እንደሚዞር አስቡት። ከአስሩ ዘጠኙ ይበላሻል። አንድ ባቡር ብቻ በሚያልፍበት ቀን ይሄን አትሞክሩ። መጀመሪያ አውራ ጎዳናው ዳር ቆማችሁ በአይሱዙ ተለማመዱ፣ አይሱዙ መቼም አይጠፋም።

ጊዜ ያለው ሰው ከአዳማ ወደ ታች ይውረድ። መተሐራ ድረስ ከሄዳችሁ የበሰቃ ሐይቅ፣ ከጀርባው የፈንታሌ ተራራ፣ መሃል ላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፤ ሐይቁ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ስንቱን መሬት እንደዋጠ እዚያ ስትቆሙ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ባቡር በዚያ ሲያልፍ ምንም ሳትሠሩ ፎቶ ነው። ከረዩዎች ግመላቸውን ይዘው በሐዲዱ አጠገብ ያልፋሉ፤ አስፈቅዳችሁ አንሷቸው፣ ስማቸውን ጠይቁ፣ ፎቶውን አሳዩአቸው። አንድ ችግር አለ፣ ሙቀቱ። ከ4 ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲግል አየሩ ይርገበገባል፣ በረጅም ሌንስ ከሩቅ ያነሳችሁት ባቡር ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ምንም ውድ ሌንስ ቢሆን አያድናችሁም። ወይ በጠዋት ድረሱ፣ ወይ ጠጋ ብላችሁ በአጭር ሌንስ አንሱ።

ከዚያ አልፋችሁ አዋሽ ከደረሳችሁ ደግሞ ዕድሜያቸው ጠና ካለ ሰዎች ጋር ስታወሩ ጠንቀቅ በሉ። በጥር 1977 ዓ.ም. ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ገደል ገብቶ ከ400 በላይ ሰው ያለቀው እዚያ አካባቢ ነው። ዘመዱን ያጣ አለ። «ድልድዩ የት ነው፣ ፎቶ ላነሳ ነበር» ተብሎ በፈገግታ አይጠየቅም። እኔ ጠይቄ የሰውዬውን ፊት አይቻለሁ።

ስለ አቧራ ካላወራሁ ይቆጨኛል። መጋቢት ላይ የአዳማ ንፋስ ምን እንደሚመስል ለማን ይነገራል። አንድ ቀን ሐዲድ ዳር ቆሜ ሌንስ ቀየርኩ፣ ሁለት ሰከንድ እንኳ አልፈጀብኝም። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው አርባ ፎቶ፣ አርባውም ላይ ሰማዩ መሃል አንድ ጥቁር ነጥብ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ። መጀመሪያ ጭልፊት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር! አርባ ፎቶ ላይ የማይንቀሳቀስ ጭልፊት የለም። ሌንስ የምትቀይሩ ከሆነ ባጃጅ ውስጥ ገብታችሁ፣ ካሜራውን ወደ መሬት ደፍታችሁ ቀይሩ። ትራይፖድ ካቆማችሁ ቦርሳችሁን ከመሃሉ አንጠልጥሉበት፣ አለበለዚያ ንፋሱ ያወዛውዘዋል።

አሁን ወደ ናፍጣው እንሂድ።

ድሬዳዋ የድሮው ምድር ባቡር ግቢ ከነጋራዡ አለ፤ አስፈቅዶ ከፍሎ መጎብኘት ይቻላል። እኔ የሄድኩ ጊዜ ያስጎበኙኝ እዚያው ዕድሜያቸውን የጨረሱ አዛውንት ነበሩ። ገና እንደገባሁ አንዱን ሎኮሞቲቭ አየሁና እንደ ሠርግ ቤት ካሜራዬን ነቅዬ ዙሪያውን መዞር ጀመርኩ። ሰውዬው ዝም ብለው አዩኝ፣ አዩኝና «አቦ፣ አንተ ልጅ፣ ጀርባውን ነው እኮ የምታነሳው» አሉኝ። ለካ እነሱ ፊት የሚሉት ጎን አለው፣ ከወዲያ በኩል ነው። ለኔ ሁለቱም አንድ ነበሩ። «ሰውም ብትሆን ከጀርባህ ቢያነሱህ ደስ አይልህም» አሉና መዳፋቸውን አፍንጫው ላይ አሳረፉ፣ በሬ እንደሚያሻሹት።

ያን ቀን የተማርኩትን ልንገራችሁ። የቆመ ሎኮሞቲቭ አይሮጥም፣ ስለዚህ መጣደፍ አያስፈልግም፣ ግን የቆመ ነገርን አሳምሮ ማንሳት ከሚሄደው ይከብዳል። ሙሉውን ለማንሳት ራቅ በሉ፣ ጎንበስ በሉ፣ ካሜራው ወገባችሁ አካባቢ ይሁን። ቆማችሁ ከላይ ካያችሁት አሻንጉሊት ይመስላል፤ ዝቅ ስትሉ ክብደቱ ይወጣል። ሰፊ ሌንስ አስጠግታችሁ አታንሱት፣ አፍንጫው ያብጥና መልኩ ይጠፋል።

ከዚያ ቅርብ ሂዱ። የመጣችሁት ለዚህ ነው። የሾፌሩ ክፍል መግቢያ ላይ ያለውን እጀታ አንሱ፤ ቀለሙ ከሁሉም ቦታ አለ፣ እጅ የሚይዘው መሃሉ ላይ ብቻ የለም፣ ብረቱ እንደ ብር ሳንቲም ያበራል። ስንት ሰው ነው ይዞት የወጣው። የፋብሪካው ሰሌዳ ላይ ፈረንሳይኛ ተጽፏል። ፊደሉ ጎላ ብሎ የሚታየው ብርሃን ከጎን ሲመጣበት ነው፤ ፍላሽ ፊት ለፊት ካበራችሁበት ይጠፋል። የስልክ መብራት በግራ እጃችሁ ወደ ጎን ዘርግታችሁ በቀኝ አንሱ። አቧራውን ደግሞ አትጥረጉት! እኔ በእጄ ልጠርግ ስል አዛውንቱ እጄን ያዙኝ። «ተወው፣ እሱም የሱ ነው» አሉ። ልክ ናቸው፤ የተጠረገው ቦታ ፎቶው ላይ እንደ ቁስል ነው የሚታየው።

ናፍጣ ሎኮሞቲቭ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅም ለፎቶ ይጠቅማል፣ ምኑ ላይ ማተኮር እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ሰውዬው በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱልኝ፦ «ናፍጣው ጎማውን አያዞረውም ልጄ። ናፍጣው መብራት ያመነጫል፣ ጎማውን የሚያዞረው መብራቱ ነው።» ትልቁ ሞተር ጄኔሬተር ያዞራል፣ የመጣው ኤሌክትሪክ ወደ ጎማዎቹ አጠገብ ወዳሉት ሞተሮች ይሄዳል። ማለት በሐዲድ ላይ የሚሄድ መብራት ኃይል ነው። ለዚህ ነው ጎኑ በሙሉ የአየር ማስገቢያ ፍርግርግ የሆነው፤ ትልቁ ሞተር መተንፈስ አለበት። ፍርግርጉን በጠዋት የጎን ብርሃን አንሱት፣ ጥላና ብርሃን ሲፈራረቅበት ሽሩባ ነው የሚመስለው። የሚሠራ ናፍጣ ያጋጠመው ሰው ደግሞ ጭስ ከፈለገ ሜዳ ላይ አይጠብቀው። ከጣቢያ ሲነሳ ወይም ዳገት ሲጀምር፣ ሾፌሩ ነዳጁን ሲጨምርለት ነው ጥቁሩ የሚወጣው። ከአዋሽ ወደ አዳማ ያለው ዳገት፣ ከ1000 ሜትር ከፍታ ተነስቶ ከ1600 በላይ የሚወጣው፣ በዚያ ዘመን እንዴት ያለ ጭስ እንደነበረው ሳስበው ዘግይቼ መወለዴ ያናድደኛል።

ይሄ ሁሉ ለሌላ አገር ባቡርም ይሠራል። የአክስቴ ልጅ ኤድመንተን ነው ያለው፣ ካናዳ። እኔ ባቡር ስለጥፍ ቀንቶ እሱም ጀመረ። በሱ ከተማ የሚያልፈው «ካናዲያን» የሚባለው ነው፤ ከቶሮንቶ ቫንኩቨር ወደ 4,466 ኪሎ ሜትር፣ አራት ሌሊት መንገድ ላይ። በ1955 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው ሥራ የጀመረው፣ የማይዝግ ብረት ፉርጎዎቹ አብዛኞቹ ያን ጊዜ የተሠሩት ናቸው፣ ጣሪያቸው ላይ የመስታወት ጉልላት ያላቸውም አሉ። የሚጎትቱት 3,000 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ናፍጣዎች ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ሁለት ሆነው ተከታትለው። እንግዲህ ልጁ የመጀመሪያውን ፎቶ ሲልክልኝ ባቡሩ የለም። ነጭ ነገር ብቻ ነው። በረዶው ነጭ፣ ሰማዩ ነጭ፣ ብሩ የመሰለው ፉርጎ ብርሃን አንፀባርቆ ነጭ።

«ይሄ እኮ ቬሎ ነው» አልኩት። ነጭ ቬሎ ፀሐይ ላይ ስታነሱ ጥልፉ እንዳይጠፋ ብርሃኑን ትቀንሳላችሁ አይደል? የሚያበራ ብረትም እንደዚያው ነው፤ የምትጠብቁት በጣም የሚያበራውን ቦታ ነው፣ የጨለመው በኋላ ይነሳል። በረዶ ግን በተቃራኒው ካሜራውን ያታልለዋል፣ ብርሃን የበዛ መስሎት አገሩን አመድ ያደርገዋል። ስለዚህ ሁለቱ ሲገናኙ በካሜራው ግምት አትሂዱ፣ በረዶውን አንስታችሁ እዩ፣ ጨምሩ፣ ብረቱ ሊቃጠል ሲል ቁሙ። ደግሞ ደመናማ ቀን ምረጥ አልኩት፤ ያኔ ፉርጎው ሰማዩን ለስላሳ አድርጎ ይቀበለዋል። ባትሪው በብርድ ስለሚሞት ትርፉን ደረት ኪሱ ውስጥ እንደሚይዝ የነገረኝ ግን እሱ ነው፣ እኔ ስለ ብርድ ምን አውቄ። መስመሩ ላይ የዕቃ ባቡር ስለሚበዛ ለሰዓታት ሊዘገይ ይችላል፤ ልጁ መኪናው ውስጥ ማሞቂያ ከፍቶ እየጠበቀ በቴሌግራም ሲያማርር እኔ እዚህ ጥላ ፍለጋ ዛፍ እዞራለሁ። ሁለተኛው ፎቶው ላይ የጉልላቱ መስታወት ውስጥ አንዲት ሴትዮ ሻይ ስትጠጣ ትታያለች። ያቺን ፎቶ እኔ ባነሳኋት ብዬ ተመኘሁ።

ሰው እንዳትረሱ ለማለት ነው። የመንገደኛ ባቡር የሚያሰኘው መንገደኛው ነው። ጣቢያ ላይ ማንሳት ከተፈቀደላችሁ ሎኮሞቲቩን ትታችሁ ማዳበሪያ ጆንያ የተሸከመችውን እናት፣ ልጁን በመስኮት የሚያቀብለውን አባት፣ ሹፌሩን አንገቱን አውጥቶ ወደ ኋላ ሲያይ አንሱ። ደንቡ ሠርግ ላይ ካለው አይለይም፤ የማይፈልግ ሰው ፊቱን ሲያዞር ካሜራውን ዝቅ።

ፈቃድን በተመለከተ አጭር ነገር። ጣቢያ፣ ድልድይ፣ የኃይል ማከፋፈያ ያለበት ቦታ ሳታስፈቅዱ አታንሱ። መታወቂያ ያዙ፣ ጥበቃ ሲመጣ አትሽሹ፣ ሰላም በሉ፣ ያነሳችሁትን አሳዩ። እኔን አንድ ድልድይ አጠገብ ጥበቃው ፎቶዎቼን አስጠፍቶኛል፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳልጠይቅ ነው የገባሁት። ድሮን ያለ ፈቃድ ጭራሽ አታስቡት። ከሐዲዱ አጥር ወዲህ ቁሙ። የአዲሱ ባቡር ክፋቱ ድምፅ የለውም፤ የድሮው ናፍጣ ከሩቅ ያስጠነቅቅ ነበር፣ ይሄኛው ዞር ስትሉ አጠገባችሁ ነው። ሽቦው 25,000 ቮልት ተሸክሟል፣ ሳይነኩትም ይገድላል፤ የብረት ትራይፖድ፣ የሰልፊ ዘንግ፣ ፉርጎ ጣሪያ ላይ መውጣት፣ እነዚህ ሁሉ አይሞከሩም። ካሜራ ስታወጡ ሕፃናት መሰብሰባቸው አይቀርም፤ ሐዲዱ ላይ ቆመው እንዲነሱ የሚጠይቋችሁን አሻፈረኝ በሉ።

ማታ ቤት ስትገቡ ደግሞ ቀለሙን አታጋንኑት፤ የአዳማ አቧራ ቡናማ ነው፣ ብርቱካን አታድርጉት። ፎቶውን ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሎኮሞቲቩን ቁጥር ጻፉበት። የተሻሉትን አሳትሙ።

እኔ ለድሬው አዛውንት አንዷን በትልቁ አሳትሜ በቀጣዩ ዓመት ወሰድኩላቸው። ጀርባዋ ላይ ቀኑንና የሎኮሞቲቩን ቁጥር በጥንቃቄ ጽፌያለሁ። መነጽራቸውን አውጥተው ፎቶውን አዩ፣ ገለበጡት፣ ጽሑፉን አነበቡ፣ ከዚያ ከደረት ኪሴ እስክሪብቶዬን መዘዙና የመጨረሻዋን አሃዝ ሰርዘው አስተካከሉ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሎኮሞቲቭ ጋ ስደርስ ከሁሉ በፊት የማነሳው የቁጥሩን ሰሌዳ ነው።